ጨርቁ ይቆይ፣ ቅጠሉ ይቅደም

«ከለራችን አረንጓዴ ነው» የሚሉ ሙሽሮች በዝተዋል። ደስ ይለኛል። ግን ወዲያው «የትኛው?» ብዬ መጠየቄ አይቀርም። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ረጅም ጠረጴዛ አለ። መሀሉን ይዞ ቅጠል ተነጥፏል፣ ሻማ በርቷል፣ ከኋላ ሴት ሚዜዎች ለስለስ ያለ አረንጓዴ ለብሰው ቆመዋል። ሁሉም ነገር ተስማምቷል። ከዚያ ሙሽሪት ያንን አረንጓዴ በጨርቅ ለማግኘት ሱቅ ለሱቅ ትዞራለች። ቅጠሉ የመጨረሻው ሳምንት ጉዳይ ይሆናል።

እኔ የምለው ተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ይመረጥ፣ ጨርቁ ይቆይ።

ጨርቅ በፈለጋችሁት ቀለም ይነከራል። ቅጠል ግን የራሱን ቀለም ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱን ማስማማት ካለባችሁ እንግዲህ የሚለወጠውን ወደማይለወጠው ማምጣት ነው የሚያዋጣው። ቦርዶ የመረጠ ሰው ይህ ጣጣ የለበትም። ቦርዶውን ራሱ ካላመጣው አዳራሹ ውስጥ አይኖርም። አረንጓዴ ግን ባትጠሩትም ይመጣል። የአበባው ግንድ ላይ አለ፣ በመስኮት በሚታየው ዛፍ ላይ አለ፣ ፎቶ የምትነሱበት ሣር ላይ አለ። ስለዚህ የመረጣችሁት አረንጓዴ ሁልጊዜ ከሌላ አረንጓዴ አጠገብ ነው የሚቆመው።

ሠርግ የምታስውብ ጓደኛ አለችኝ። እጅ ሲያጥራት እሄድላታለሁ። ግንድ እቆርጣለሁ፣ ባልዲ እሸከማለሁ፣ ሽቦ አጥፋለሁ። እዚህ የምጽፈው አብዛኛው በዚያ በባልዲ መሀል የታየና የተሰማ ነው።

ከልብሱ ልጀምር፣ ጭቅጭቅ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ። የሚዜ ልብስ ወይ ሁሉም ከአንድ ጣቃ ይቆረጥ፣ ወይ ጭራሽ ይለያይ። የሚያስቀይመው መሀል ላይ ያለው ነው። አንዷ ከአንድ ሱቅ፣ ሌላዋ ከሌላ ሱቅ «ያው አንድ ነው» ተብሎ ሲገዛ፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ የታጠበ፣ አንዱ ያልታጠበ ይመስላል። ያው ፋብሪካ እንኳ ዛሬ የነከረውና ከወራት በኋላ የሚነክረው ትንሽ ይለያያል። በሌላ በኩል አንዷ የወይራ አረንጓዴ፣ አንዷ ጠቆር ያለ የጫካ አረንጓዴ፣ አንዷ ግራጫ ያዘለውን ሴጅ ብትለብስ «ምን ሆነው ነው?» የሚል ሰው የለም። ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑ ያስታውቃላ። ደግሞ አንድ ቅርንጫፍ አንስታችሁ ብታዩ ጫፉ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ታች ያለው ጠቁሯል፣ ጀርባው ሌላ ነው። ዛፉም አላዛመደውም።

ወንዶቹን ያየን እንደሆነ ቀላል ነው። ሙሉ አረንጓዴ ሱፍ ድፍረት ይጠይቃል፣ ለሚያምርበት ያምርበታል። ለቀሩት ከረባት ወይም ደረት ኪስ ላይ አንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ ትበቃለች። ትንሿ ቅርንጫፍ እንዲያውም ከአበባ ትሻላለች። በተቃቀፉ ቁጥር ስለማትጨፈለቅ።

አሁን ወደ ሴጅ። ፓንቶን የተባለው የቀለም ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2013 ኤመራልድን፣ ለ2017 ደግሞ ግሪነሪ ያለውን ቢጫማ አረንጓዴ የዓመቱ ቀለም ብሎ መርጦ ነበር። እኔ በማያቸው ሠርጎች ግን ሰው ልቡን የሰጠው ለሴጅ ነው። ይገባኛል። ሴጅ አይጮኽም፣ ከነጭ ቬሎ ጋር አይጣላም፣ ብዙ የቆዳ ቀለም ላይ ይቀመጣል። ታዲያ ሴጅን በቅጠል ማምጣት የፈለገ ሰው ስለዚያ ቀለም አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ሴጅ የሚመስሉ ቅጠሎች ግራጫነታቸው ከላያቸው ላይ የተቀባ ያህል ነው።

ባሕር ዛፍን እንውሰድ። አበባ ሻጮች ሲልቨር ዶላር የሚሉት ክብ ክብ፣ ብርማ ቅጠል ያለው ዓይነት አለ። ብዙ የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ለጋ ሳሉ የሚያወጡት ቅጠል ክብ ነው፣ ሲያድጉ ረጅምና ቀጭን ይሆናል። ስለዚህ «ባሕር ዛፍ አምጡልኝ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም። ያ ብርማ ቀለም ቅጠሉን የሸፈነው ስስ ሰም ነው። በጣት ካሻችሁት ይለቅቃል፣ ከሥሩ ተራው አረንጓዴ ብቅ ይላል። አንድ ዘለላ በብዙ እጅ ከተላለፈ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ነጠብጣብ ያወጣ ይመስላል። ጓደኛዬ አዲስ ሰው ሲመጣላት መጀመሪያ የምትለው «ግንዱን ያዝ፣ ቅጠሉን አትንካ» ነው። ዳስቲ ሚለር የሚባለው ደግሞ ነጭነቱ ከሰም ሳይሆን ቅጠሉን ከሸፈነው ጥቃቅን ጸጉር ነው። ወይራ በሌላ መንገድ ይሠራል። ፊቱ አረንጓዴ፣ ጀርባው ብርማ ነው፣ ነፋስ ሲነካው ሁለቱም ይታያሉ። ሴጅ ጨርቅ ለመረጠ ሰው እኔ ከሁሉም በላይ ወይራን እመርጥለታለሁ። በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ቀለም ይዞ ስለሚመጣ ከየትኛውም ዓይነት አረንጓዴ ጋር አይከራከርም።

ቅጠሉ ተመረጠ እንበል። ጨርቅ ፍለጋ ስትሄዱ አንድ ዘለላ ይዛችሁ ሂዱ። ባለሱቁ ይስቅ ይሆናል፣ ይሳቅ። ከዚያ የጨርቁን ቁራጭና ዘለላውን ይዛችሁ አዳራሹ ድረስ፣ ሠርጉ በሚሆንበት ሰዓት፣ መብራቱ በርቶ ሂዱ። ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሠርግ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ቢጫማ አምፖልና ሻማ ቀይና ቢጫ ብርሃን የሞላባቸው ናቸው። ሰማያዊ ብርሃን በጣም ያንሳቸዋል። ጨርቅ ደግሞ የሚያንጸባርቀው የደረሰውን ብርሃን ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብል ጠቆር ያለ አረንጓዴ በእንዲህ ዓይነት ብርሃን ሥር የሚያንጸባርቀው ነገር ያጣል። ስለዚህ ቀን ላይ ኤመራልድ የነበረው ከፋይ ማታ ጥቁር ይሆናል። ሚዜዎቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው የመጡ ይመስላሉ። ሴጅ ደግሞ በዚያው ብርሃን ግራጫነቱ ወደ ቡኒ ይሄድና አሸዋማ ይሆናል። ያን ሁሉ ሱቅ የዞራችሁለት ቀለም እንግዳ ሲመጣ የለም ማለት ነው።

ሌላም አለ። ሁለት ጨርቅ በፀሐይ ፍጹም ተመሳስለው በአምፖል ሥር ሊለያዩ ይችላሉ። የተነከሩበት ቀለም ስለሚለያይ አንዱ ብርሃን ላይ ይገናኛሉ፣ ሌላው ላይ ይለያያሉ። ቅጠልና ጨርቅ ሲሆኑ ደግሞ ይብስ። ቅጠል አረንጓዴ የሆነው ክሎሮፊል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ አረንጓዴውን ስለሚመልስ ነው። ጨርቁ በምን እንደተነከረ ፋብሪካው ያውቃል። የቅጠሉን አካሄድ ግን አይከተልም። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ «ገጠመ» የሚለውን ፍርድ አትመኑ።

የማታ ሠርግ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው። ሞቅ ያለውን አረንጓዴ ምረጡ። የወይራውን፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን የሞሱን፣ ቢጫ ትንሽ የገባበትን። በሻማ ብርሃን የሚያምረው እሱ ነው። የሚያብለጨልጭ ሳቴን ከሆነ ደግሞ ጠቆር ያለውም ይተርፋል፣ የብርሃኑ ነጸብራቅ ስለሚያድነው። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ። «ቴሙ አረንጓዴ ነው» ተብሎ አረንጓዴ መብራት አዳራሹ ላይ አይለቀቅ። አረንጓዴ ብርሃን የወደቀበት ፊት የታመመ ይመስላል። የሙሽሪት እናት ፎቶውን ስታይ የምትለውን መስማት አትፈልጉም።

ስለ ፎቶ ካነሳን አይቀር፣ አረንጓዴና ካሜራ የቆየ ነገር አላቸው። የኮዳክ ባለሙያ የነበረው ብራይስ ቤየር እ.ኤ.አ. በ1976 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የቀለም ማጣሪያ ዛሬም በብዙው ዲጂታል ካሜራ ውስጥ አለ። በየአራቱ ነጥብ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ ነው። ለአረንጓዴው እጥፍ የሰጠው በቀን ብርሃን የሰው ዓይን ከሁሉም በላይ የሚነቃው በዚያ አካባቢ፣ የብርሃን ሞገዱ ርዝመት 555 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ስለሆነ ነው። ካሜራው አረንጓዴን በደንብ ይይዛል ማለት ነው። ችግሩ የማትፈልጉትንም መያዙ ነው። ሙሽሪት ፀሐይ የበዛበት ሣር ላይ ስትቆም ከሣሩ የሚነሳው ብርሃን ከታች ወደ አገጯና ወደ ቬሎዋ ይወጣል። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ስትሆን ደግሞ ከላይ ይመጣል። ነጩ ቬሎ አረንጓዴ ጥላ ያወጣል፣ ቆዳም ይገረጣል። ጥሩ ፎቶግራፈር ያውቀዋል። ከሣሩ ወደ መንገዱ ጠጋ ያደርጋችኋል፣ ወይም ከዛፉ ጥላ ጫፍ ላይ፣ ፊታችሁን ወደ ክፍት ሰማይ አዙሮ ያቆማችኋል። የቀረውን በኮምፒውተር ወደ ሐምራዊ ሳብ አድርጎ ያርመዋል።

ይልቅ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ጥያቄ አለ። ፎቶግራፈራችሁ አረንጓዴን ሲያዘጋጅ ምን ያደርገዋል? አሁን የሚወደደው የፎቶ አሠራር፣ ያ ጨለም፣ ቡኒ ቡኒ የሚለው፣ አረንጓዴን ያጠፋዋል። ቅጠሉ ሁሉ ካኪ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ሁሉን አንጥቶ ቅጠሉን ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይወስደዋል። ሁለቱም በሌላ ሠርግ ላይ ያምራሉ። ሠርጉን በሙሉ በቅጠል ለሠራ ሰው ግን ሥራው ሁሉ በአንድ ቁልፍ ተለወጠ ማለት ነው። ከመዋዋላችሁ በፊት ውጭ፣ ዛፍ ባለበት ቦታ፣ በቀን የተነሳ አንድ ሙሉ ሠርግ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ምርጥ ምርጡን ብቻ አትዩ። ቅጠሉ ቅጠል ከመሰለ ጥሩ ነው።

ወደ ባልዲዎቹ ልመለስ። «ቅጠል ስለሆነ ይቀላል፣ ይረክሳል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ነጠላው ዘንግ ከጽጌረዳ ሊያንስ ይችላል። ግን አንዲት ትልቅ ጽጌረዳ የምትይዘውን ቦታ በቅጠል ለመሙላት ስንት ዘንግ እንደሚገባ ያላየ አያውቅም። ዓይን አበባ ላይ ያርፋል፣ ባዶውን ይረሳል። ቅጠል ብቻ ሲሆን ግን ማረፊያ ስለሌለው ክፍተቱን ቶሎ ያያል። የጠረጴዛ ጉንጉን ደግሞ በእጅ ነው የሚሠራው፤ ትንሽ ዘለላ፣ ሽቦ፣ ትንሽ ዘለላ፣ ሽቦ። ስስ ከሆነ ተረስቶ የወደቀ ቅርንጫፍ ይመስላል። ሁለት ጠረጴዛ ላይ ሞላ አድርጎ መሥራት አሥር ጠረጴዛ ላይ ከማሳሳት ይሻላል። የቀሩት ጠረጴዛዎች ላይ አንዳንድ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሦስት ዘንግ ይቁምና ይብቃ።

ትልቁ ጥያቄ የውሃ ነው። ቅጠል ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል። በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ይለቃል፣ በግንዱ ካላገኘ ይጠወልጋል። ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ አንጸባራቂ ቅጠል ያለ ውሃ ይቆያል። ሩስከስ፣ ባሕር ዛፍ፣ ወይራ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጽድ ከሌሊቱ ቢሠሩ በማግሥቱ አያሳፍሩም። ሩስከስማ ውሃ ውስጥ ከሆነ ሁለት ሳምንት ሊቆይ የሚችል ጉደኛ ነው። ለበሩ ቅስት፣ ለወንበር ጀርባ፣ ለደረጃ መደገፊያ እነዚህን ተጠቀሙ። ስስና ለስላሳ የሆነው ግን ውሃ ይፈልጋል። ናና ሲታይ ያምራል፣ ሲሸት ያምራል፣ ከውሃ ወጥቶ ምሳ ሰዓት አይደርስም። ሜይደንኸር የሚባለው ስስ ፈርንም እንዲያው። አበባ ሻጮች ሌዘርሊፍ የሚሉት ሻካራው ፈርን ግን ከሱ በጣም ይጠነክራል። ሁለቱም ፈርን ተብለው ስለሚጠሩ ስታዝዙ ለይታችሁ ተናገሩ።

የቅጠሉም ዕድሜ ቁም ነገር ነው። ገና የወጣ፣ ደመቅ ያለ ቢጫማ አረንጓዴ ለጋ ቅጠል በጣም ያጓጓል። ግን ገና ስላልጠነከረ ተቆርጦ ብዙም ሳይቆይ አንገቱን ይደፋል። ከግቢያችሁ ወይም ከዘመድ ግቢ ልትቆርጡ ካሰባችሁ የጠነከረውን ምረጡ። ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ቁረጡ፣ በቀትር አይሆንም። ግንዱን በሰያፍ ቁረጡ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ክፍል ቅጠሉን ሁሉ አራግፉ። እዚያ የሚቀር ቅጠል ይበሰብስና ባክቴሪያ ያፈራል፣ ባክቴሪያው ግንዱን ይደፍናል። ከዚያ ጨለምና ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ ጥልቅ ባልዲ ውስጥ ይደር። ሌሊቱን ጠጥቶ ያደረ ቅጠልና በዕለቱ ተቆርጦ የመጣ ቅጠል ማታ ላይ ልዩነታቸውን ታያላችሁ። ጉንጉኑንም ከሠራችሁ በኋላ ውሃ ረጭታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ሰም ያለውን ባሕር ዛፍ ግን በመሸፈኛው አትሹት።

ኦሲስ የሚባለው አረንጓዴ ስፖንጅ አለ፣ አበባ የሚሰካበት። እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ ገበያ የገባ ነው። ሥራ ያቀላል፣ አልክድም። ግን ፕላስቲክ ነው። ሲፈረካከስ ወደ ብናኝ ይለወጣል፣ ብናኙም አይበሰብስም። የብሪታንያው ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከትርዒቶቹ ከልክሎታል። «ተፈጥሮን ወደ አዳራሽ እናምጣ» ብሎ የተነሳ ሠርግ ሥሩ በሙሉ የፕላስቲክ ብናኝ ሲሆን ትንሽ ያስቃል። ለዶሮ ቤት የሚሆነው የሽቦ መረብ ተጠቅልሎ ማስቀመጫው ውስጥ ሲገባ ግንዶቹን አጥብቆ ይይዛል። ታጥቦ ለሚቀጥለው ሠርግም ይደርሳል።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ፣ በፍጥነት ላልፋቸው። ባሕር ዛፍ ዘይት አለው፣ ስለዚህ ዝግ በሆነች ትንሽ ክፍል ውስጥ ሲበዛ ጠረኑ ራስ ያዞራል። ያው ዘይት እሳትም ይወዳል። የደረቀ ፈርንም ቶሎ ይያያዛል። ሻማ ካለ በረጅም ብርጭቆ ውስጥ ይሁን፣ ነበልባሉም ከብርጭቆው አፍ በታች ይቆይ። አይቪ የሚባለው ሐረግ ፈሳሹ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ያሳክካል። የቁልቋል ዘር የሆኑት ሲቆረጡ የሚያወጡት ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉ ነው። ኦሊያንደር ቅጠሉም አበባውም መርዝ ነው፣ ኬክ አጠገብ አይድረስ። ኬክ ላይ ቅጠል ከፈለጋችሁ የሚበላ ቅጠል አድርጉ፣ ሌላውን ለጠረጴዛ ተዉት።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ። አረንጓዴ ለሠርግ ሁልጊዜ ተወዳጅ አልነበረም። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በየቀለሙ የሙሽሪትን ዕጣ የሚተነብይ የቆየ ግጥም አለ። በአረንጓዴ የተዳረች መታየት ታፍራለች ይላል። ጃን ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1434 የሣላቸው፣ ዛሬ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያሉት ባልና ሚስት ደግሞ አሉ። ሴቲቱ የለበሰችው ሰፊና ከባድ አረንጓዴ ቀሚስ ነው። ሥዕሉ የሠርግ ነው አይደለም በሚለው ባለሙያዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ሠርግ ከሆነ ግን ሙሽሪት አረንጓዴ ለብሳ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ አልፎም ሰው ቆሞ ያያታል ማለት ነው። ለግጥሙ በቂ መልስ ነው።

የሚያስፈራው ታሪክ ሌላ ነው። ካርል ቪልሄልም ሼሌ የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1775 ከመዳብና ከአርሴኒክ ደማቅ አረንጓዴ ቀለም ሠራ። እሱና ከሱ በኋላ የመጣው ዘመዱ ኤመራልድ ግሪን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብስ፣ የግድግዳ ወረቀትና ሰው ሠራሽ ቅጠል ውስጥ ገቡ። ማቲልዳ ሹረር የተባለች የ19 ዓመት ወጣት ለንደን ውስጥ ሥራዋ ሰው ሠራሽ ቅጠሎች ላይ አረንጓዴ ዱቄት መነስነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 በዚያው መርዝ ሞተች። የዓይኗ ነጭ ክፍል አረንጓዴ ሆኖ ነበር፣ የምታየውም ሁሉ አረንጓዴ እንደሆነ ተናግራለች። ሴቶች ጸጉራቸው ላይ ይሰኩት የነበረው ጌጥ ነው እንግዲህ። የዛሬው የፕላስቲክ ቅጠል አርሴኒክ የለበትም፣ አትደንግጡ። እኔ የማልወደው በሌላ ምክንያት ነው። ሁሉም ቅጠል አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ያብረቀርቃል። ከፍ ብሎ ከጣሪያ ለሚሰቀል፣ ማንም ቀርቦ ለማያየው ቦታ ይሁን። ሰው ክንዱን በሚያሳርፍበት ጠረጴዛ ላይ ግን አይሆንም።

ከተቆረጠ ቅጠልና ከፕላስቲክ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ሥሩ ያልተነቀለ ተክል። እ.ኤ.አ. በ2011 ልዑል ዊሊያምና ኬት ሲጋቡ የዌስትሚኒስተር አቤይ መተላለፊያ ግራና ቀኙ ዛፍ ነበር። ስድስት ሜፕልና ሁለት ሆርንቢም፣ ቁመታቸው 6 ሜትር ገደማ፣ በትልልቅ ሣጥን ውስጥ ቆመው። ብዙ ሰው ስለ ቬሎው ያወራል፣ እኔ የማስታውሰው ዛፎቹን ነው። ያን የሚያህል የድንጋይ ሕንፃ በአበባ ቢሞላ አበባው ይጠፋበት ነበር። ዛፍ ግን ከምሰሶው ጋር ቁመት ይለካካል። ከዚያ የወሰድኩት ነገር ቢኖር ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ያለው ሰው ጠረጴዛ ላይ ቅጠል ከመቆለል ይልቅ ጥቂት ረጃጅም ተክሎችን በማዕዘንና በመግቢያ ቢያቆም ቦታው ይሞላለታል የሚለውን ነው። ደግሞ የድስት ተክል፣ ከነአፈሩ በማሰሮ የሚመጣው ማለቴ ነው፣ ለውሃ አያስጨንቅም፣ ሳምንት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፣ ቀለሙም አስቀድሞ ይታያል። ዘለላ ቆርጦ ጨርቅ ፍለጋ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ከአረንጓዴ ጋር ምን ይሂድ የሚለው እንደ ልብ ነው። ነጭ ሁልጊዜ ይሄዳል፣ ግን ነጭም ሁለት ነው። ከወይራና ከሞስ ጋር ክሬም ያዘለው ነጭ፣ ከሴጅና ከባሕር ዛፍ ጋር ጥርት ያለው ነጭ። ወርቃማ ከጠቆረ አረንጓዴ ጋር ያምራል፣ ከሴጅ ጋር ግን ይቃረናል። ለሴጅ ብርማ ወይም ያልተቀባ እንጨት ይሻላል። ደማቅ ቀይ ከጽድ ጋር ካደረጋችሁ የገና በዓል ይመስላል፣ ያን ካልፈለጋችሁ ቀዩን ወደ ሸክላ ቀለም አውርዱት። ለአበባ የሚለምን ልብ ያለው ሰው ደግሞ አረንጓዴ አበባ አለ፦ ሄሌቦር፣ አረንጓዴ ሃይድራንጃ፣ ያልበሰለ እምቡጥ። ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ቀርቦ ለሚያይ ሰው ብቻ ይታያል። ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው የእጅ አበባ እንዲህ የተሠራው ነው።

አንድ ነገር በጎን ልጨምር። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸገሩ ወንዶች ጥቂት አይደሉም። በአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ነው። ሙሽራው «የወይራውም ቡኒውም ያው ነው» ካለ ግዴለሽነት ላይሆን ይችላል። ከለር መምረጡን ለሌላ ሰው ስጡና እሱን የቅጠሉን ቅርጽ አስመርጡት። ክብ ይሁን፣ ረጅም ይሁን፣ የተሰነጠቀ ይሁን። በቅጠል ሠርግ ላይ ቅርጽ ከቀለም አያንስም፣ በተለይ ማታ መብራቱ ሲደበዝዝ።

ሠርጉ ሲያልቅ የሚቀረውንም ቀድማችሁ አስቡ። ባሕር ዛፍና የጥብስ ቅጠል ተገልብጠው ሲሰቀሉ በደንብ ይደርቃሉ፣ ቤት ገብተው ብዙ ይቆያሉ። ሩስከሱ ውሃ ካገኘ ገና ይኖራል፣ ለፈለገ እንግዳ በዘለላ ይሰጥ። ሽቦው ይፈታ፣ የቀረው ቅጠል ወደ ማዳበሪያ ይሂድ። ከሽቦ ጋር ተጠቅልሎ የተጣለ ቅጠል ማዳበሪያ ስለማይሆን ይህን ሥራ ለአንድ ሰው በስም ስጡ። የድስት ተክሎቹን ማን እንደሚወስድም እንዲሁ፣ መኪናውንም ጨምሮ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ የቆመች ሚዜ ዛፍ ተሸክማ ታክሲ እንድትፈልግ መጠየቅ ወዳጅነት ያበላሻል።